የጥርስ ሐኪሙ የሆራስ ዌልስ የሕይወት ታሪክ

ጥርሱን ታሞ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ይገኛል ብለን አናስብም። ጕንጩን በነጠላ ጠቅልሎ ሌሊቱን ሲንቈራጠጥ ያደረ ሰው፥ ሲነጋ ወደ ሐኪም ለመሄድ ሲያስብ፥ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራው ጉጠቱ ነው። ዛሬ ግን ይህ ፍርሃት በአብዛኛው ከቀድሞ ዘመን የተረፈ ነው። ሐኪሙ ድዱን በመርፌ ካደነዘዘው በኋላ መንጋጋው ሲነቀል ሕመምተኛው የሚሰማው መገፋትና መሳብ ብቻ ነው። ይህ ታላቅ በረከት እንዴት እንደ ተገኘ፥ ማን እንደ ጀመረውና ጀማሪውን ምን እንዳስከፈለው ብንጠየቅ ግን ከመካከላችን የሚመልሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የአሜሪካዊውን የጥርስ ሐኪም የሆራስ ዌልስን የሕይወት ታሪክ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን። ከዚያም ይህ ታሪክ ለእኛው ደጋ፥ ለመንዙ ጓሳ ምን እንደሚነግረው እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር ዘመኑን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዌልስ የተወለደው ጃንዋሪ 21 ቀን 1815 በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት፥ ሐርትፎርድ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ወላጆቹ መሬትና ሀብት የነበራቸው ገበሬዎች ነበሩ። ከሦስት ልጆቻቸው በኵሩ እርሱ ስለሆነ ጥሩ ትምህርት እንዲያገኝ አደረጉት። 19 ዓመት ሲሆነው፥ በ1834፥ የጥርስ ሕክምና ለመማር ወደ ቦስተን ከተማ ሄደ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ አንድም የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በባልቲሞር የተቋቋመው በ1840 ነው። ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ለመሆን የፈለገ ወጣት፥ እንደ አንጥረኛ ደቀ መዝሙር፥ ከባለሙያ ሥር ቁጭ ብሎ እጁን እያየ ይማር ነበር። ዌልስም እንዲሁ ተምሮ በ1836 በኮኔቲከት ግዛት ዋና ከተማ የራሱን ክፍል ከፈተ። የዚህችም ከተማ ስም እንደ ትውልድ መንደሩ ሐርትፎርድ ነው።

በሥራው ወዲያው ታወቀ። እጁ ቀላል፥ ጠባዩም የዋህ ነበር ይባላል፤ የከተማው ታላላቅ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። በ1838 ኤልሳቤጥ ዌልስ የምትባል ልጃገረድ አገባ፤ የአባቷ ቤት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከእርሱ ስም በጥቂት ይለያል። በሚቀጥለው ዓመት ቻርልስ የተባለ አንድ ልጅ ወለዱ። ባገባበት ዓመት፥ ገና በ23 ዓመቱ፥ ስለ ጥርስ አፈጣጠር፥ ስለ በሽታውና ስለ አያያዙ አንዲት መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ጥርስ ሐኪም የሚያውቀው ለመንቀል ብቻ ሲሆን፥ ዌልስ ግን ሳይበላሽ በፊት መጠበቅ እንደሚቻል፥ ንጽሕናም ከጉጠት እንደሚቀድም ያስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት መፋቂያ በአፋቸው ይዘው ከቤት የሚወጡት አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ እንግዳ ነገር ባልሆነባቸውም ነበር።

ከዌልስ ዘንድ ሙያ ከተማሩት መካከል ሁለቱ ለታሪካችን ያስፈልጉናል። አንዱ ጆን ሪግስ ነው፤ ይህ ሰው ኋላ በድድ በሽታ ሕክምና ስሙ የተጠራ ሆኗል። ሁለተኛው ዊልያም ሞርተን ነው። በ1843 ዌልስና ሞርተን ተባብረው በቦስተን ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው የተመሠረተው ዌልስ ባገኘው አዲስ የመበየጃ ቅልቅል ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከለው በወርቅ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፥ ጥርሱን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ብየዳ በምራቅ እየተበላ ይጠቁርና ይበላሽ ነበር። የዌልስ ብየዳ ግን ይህን እንዲቋቋም የተሠራ ነው። ቻርልስ ጃክሰን የተባለው የቦስተን ኪሚስትም መርምሮ መሰከረላቸው።

ይሁን እንጂ ንግዱ አልቀና አለ። ምክንያቱ ብየዳው አይደለም። አዲሱ ሰሌዳ በድድ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ፥ አስቀድሞ የተሰበሩት የጥርስ ሥሮች ሁሉ አንድ በአንድ መነቀል ነበረባቸው። ሰውም ይህን ሥቃይ ሲያስበው ድዱን ይዞ መሄድን መረጠ። ሽርክናው በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ማቴሪያሉ ተሻሽሎ ሳለ ሕመሙ ድል ካልተደረገ የተሻለው ማቴሪያል ለማንም አልጠቀመም። በሰው አፍ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዕቃውና ማደንዘዣው የማይለያዩ መንትዮች ናቸው።

ይህ የሆነበት ዓመት 1844 ነው። በዚያው ዓመት፥ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፥ በሸዋ በአንጎለላ ዐፄ ምኒልክ ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ይገዙ ነበር፤ የዘር ሐረጋቸውም የሚመዘዘው ከመንዙ ከነጋሢ ነው። በዚያን ጊዜ የመንዝ ባላገርና የቦስተን ባለጠጋ በብዙ ነገር ቢራራቁም በአንድ ነገር እኩል ነበሩ፤ ጥርሳቸው ሲነቀል ሁለቱም ሥቃዩን የሚቀበሉት በሙሉ ልቦናቸው ነው። ጠጅ ወይም ውስኪ መጠጣት፥ በጠንካራ ክንድ መያዝ፥ ጥርስን ነክሶ መቻል፤ ከዚህ ሌላ መፍትሔ በጓሳም በቦስተንም አልነበረም።

ዲሴምበር 10 ቀን 1844 ማታ፥ ጋርድነር ኮልተን የተባለ ሰው በሐርትፎርድ አዳራሽ የሳይንስ ትርኢት አሳየ። ያሳየውም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን፥ የሚያስቀውን ጋዝ ነው። ጋዙን እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ በ1772 አግኝቶታል፤ ሃምፍሪ ዴቪም በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመምን ስለሚያስታግሥ ለቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል ብሎ አሳስቦ ነበር። ነገር ግን 44 ዓመት ሙሉ ማሳሰቢያውን ወደ ሥራ ያዋለው አልተገኘም፤ ጋዙ የሰርከስና የገበያ መሳቂያ ሆኖ ቀረ። በዚያች ማታ ሳሙኤል ኩሊ የተባለ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጋዙን ስቦ ሲዘልልና ሲፈነጭ እግሩን ከወንበር ጋር አጋጭቶ አቈሰለ። ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ደሙ ሲፈስ እስኪያይ ድረስ መጐዳቱን አላወቀም። አዳራሹ ሁሉ ሲስቅ ዌልስ ብቻ አልሳቀም፤ ያን ጊዜ ያሰበው ስለ ጥርስ ነው።

ትርኢቱ ሲያልቅ ኮልተንን ጋዝ ይዞ በማግስቱ እንዲመጣለት ለመነው። ሌላ ሰው ፈልጎ አልሞከረበትም፤ የራሱ መንጋጋ ያመው ስለ ነበር ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ዲሴምበር 11 ቀን 1844 ኮልተን ከረጢቱን ያዘ፥ ዌልስ ጋዙን ሳበ፥ ሪግስም በጉጠት የላይኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ነቀለ። ዌልስ ሲነቃ ከመርፌ መውጋት የበለጠ ሕመም እንዳልተሰማው ተናገረ። ጋዙን ከኬሚካል እየሞቀ እንዴት እንደሚወጣ ከኮልተን ተማረና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሠራበት። ሙከራው በአብዛኛው ተሳካ።

እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ ይታያል። ወዳጆቹ ግኝቱን በመንግሥት አስመዝግቦ የብቻው ንብረት እንዲያደርገው ቢመክሩት አልተቀበለም። ሰው ሁሉ እንደሚተነፍሰው አየር በነጻ እንዲጠቀምበት ፈለገ። በጃንዋሪ 1845 ወደ ቦስተን ሄዶ፥ ታላቁን ቀዳጅ ሐኪም ጆን ዋረንን አስፈቅዶ፥ በሐርቫርድ የሕክምና ተማሪዎች ፊት ለማሳየት ቆመ። ጥርሱ የታመመ አንድ ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ነገር ግን የጋዙ ከረጢት ጊዜው ሳይደርስ ከአፉ ተነሣ፤ ጥርሱ ሲነቀል ሰውየው ጮኸ። ተማሪዎቹ አፏጩ፥ አላገጡ፥ አታላይ ነው አሉት። ያ ሰው ኋላ ሲጠየቅ ብዙም ሕመም እንዳልተሰማው ተናግሯል፤ ይህን ለመስማት ግን የቆየ አልነበረም።

እኛም ተማሪዎች ነንና ይህን ክፍል ስናነብ ልናፍር ይገባናል። በዚያች ቀን በአዳራሹ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ እንኳ ሰውየውን ሁለተኛ እንዲሞክር ቢጠይቀው ኖሮ፥ ወይም ለምን እንደጮኸ ሕመምተኛውን ቢጠይቀው ኖሮ፥ ቀዶ ሕክምና ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ባተረፈ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ሰው በሙሉ ልቦናው እጁና እግሩ እንደተቆረጠ ማን ሊቈጥረው ይችላል? ሙከራ አንድ ጊዜ መክሸፉ ሐሳቡ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ፉጨት ግን መጠየቅን ያስቀራል።

ዌልስ ተሰብሮ ወደ ሐርትፎርድ ተመለሰ። ታመመ፤ ሕመምተኞቹን ለሪግስ እያስረከበ ሥራውን ይዘጋ፥ ሻል ሲለው መልሶ ይከፍት ጀመር። ቤቱን ለኪራይ አወጣ። ኑሮውን ለመደገፍ የሚዘምሩ ወፎች በየከተማው አሳየ፤ አዲስ ዓይነት የገላ መታጠቢያም ሠርቶ አስመዘገበ። ይህ በእንዲህ ሳለ ሞርተን አልተኛም ነበር። ከኪሚስቱ ከጃክሰን ምክር ተቀብሎ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1846 በኤቴር አንድ ጥርስ ያለ ሕመም ነቀለ። ኦክቶበር 16 ቀን በቦስተኑ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፥ ያው ዋረን ከአንድ ወጣት አንገት ላይ ዕጢ ሲቀድ፥ ሞርተን ሕመምተኛውን በኤቴር አስተኛው። ሕመምተኛው አልጮኸም። ወሬው በጥቂት ወራት ውስጥ ዓለምን ዞረ።

ሞርተን ከዌልስ ጋር በአንድ ወንበር የሠራ ቢሆንም መንገዱ ሌላ ነበር። ኤቴሩን ቀለምና ሽታ ቀላቅሎ ምንነቱን ሸሸገ፤ ሊቲዮን የሚል ስም አወጣለት፤ ኖቬምበር 12 ቀን 1846ም በንብረትነት አስመዘገበው። ጃክሰን ሐሳቡ የኔ ነው ብሎ ተነሣ። በጆርጂያ ግዛት ክሮፎርድ ሎንግ የተባለ ሐኪም ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ በማርች 30 ቀን 1842 በኤቴር ቀዶ ነበር፤ ሳያሳትመው እስከ 1849 ስለ ቆየ የሰማው አልነበረም። ዌልስም የመጀመሪያው እርሱ መሆኑን በጋዜጣ ጻፈ፤ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ለሊቃውንት ማኅበር አመለከተ፤ በ1847ም የግኝቱን ታሪክ በአንዲት መጽሐፍ አሳተመ። ሞርተን ከአሜሪካ ሸንጎ 100,000 ዶላር ሽልማት ለብዙ ዓመት ቢለምንም ሳያገኝ ሞተ። ይህ ክርክር የገቡበትን ሁሉ አቃጠለ።

በኖቬምበር 1847 በኤዲንብራ ጄምስ ሲምፕሰን የክሎሮፎርምን ኀይል አስታወቀ። ዌልስ በጃንዋሪ 1848 ብቻውን ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ሥራ ለመክፈት አሰበ፤ ክሎሮፎርሙንም ለመመርመር ፈለገ። እንደ ልማዱ ሌላ ሰው አልፈለገም፤ በራሱ ላይ ሞከረ። ነገር ግን በ1844 ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ኮልተንና ሪግስ አጠገቡ ነበሩ፤ አሁን ግን የሚመለከተውና በቃህ የሚለው አልነበረም። ቀን በቀን ሲያሸት አንድ ሳምንት ያህል ቆየ፤ አእምሮው ታወከ። ጃንዋሪ 21 ቀን፥ 33ኛ ልደቱ ዕለት፥ ራሱን ስቶ ወደ ጎዳና ወጣና በሁለት ሴቶች ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ረጨ። ታሰረ። አእምሮው ሲመለስለት ያደረገውን አወቀ፤ የሰውን ሕመም ለማስቀረት የደከመ ሰው ሰውን አቃጥሎ ተገኘ። ይህን ሊሸከም አልቻለም፤ ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፎ ጃንዋሪ 24 ሊነጋ በእስር ቤቱ ውስጥ ራሱን ገደለ። የፓሪስ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያው ዌልስ ነው ብሎ የወሰነለት ክብር በደብዳቤ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፥ ጃንዋሪ 28 ቀን 1848፥ በእንግሊዝ አገር ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግሯ ጥፍር ሊነቀል ክሎሮፎርም ባሸተተች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተች። በክሎሮፎርም ሞቱ ተመዝግቦ የሚገኝ የመጀመሪያው ሕመምተኛ እርሷ ናት። ዓለም ሕመምን ማጥፋት ከተማረ በኋላ ሁለተኛውን ትምህርት መማር ግድ ሆነበት፤ ይኸውም የሚያደነዝዝ ነገር ሁሉ ሊገድል እንደሚችልና ከመጠኑ ጋር ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ነው።

የዌልስ ጋዝ ግን አልሞተም። በ1863 ያው ኮልተን ከጥርስ ሐኪሞች ጋር ሆኖ እንደገና አስነሣው፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ጥርሶችም በጋዙ ተነቀሉ። በ1868 በቺካጎ ኤድመንድ አንድሩስ ጋዙ ከኦክሲጅን ጋር ቢቀላቀል ሕመምተኛው እንደማይታፈን አሳየ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ1864፥ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ1870 ቀዳሚነቱን ለዌልስ መሰከሩ። በ1875 በሐርትፎርድ፥ በ1910 በፓሪስ ሐውልት ቆመለት። ዛሬ ጋዙ የሚሰጠው በአፍንጫ ጭንብል ነው፤ መሣሪያው ኦክሲጅኑ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅም ሕመምተኛው ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲስብ ይደረጋል።

አሁን ወደ ጓሳ እንመለስ። የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። የጋዝ ማደንዘዣ የሚሠራው ደግሞ በመቶኛው ሳይሆን በግፊቱ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ግማሹ ኦክሲጅን የሆነ ቅልቅል ቢሰጥ፥ ያው ቅልቅል በጓሳ የሚሠራው በባሕር ዳር ከተማ 33 በመቶ እንደሚሠራው ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባም ከ38 በመቶ ገደማ አይበልጥም። የባሰውም አለ፤ ናይትረስ ኦክሳይድ በተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ፥ ከሰዎች ግማሹን ቀዶ ሲደረግባቸው እንዳይንቀሳቀሱ ለማድረግ የሚያስፈልገው ግፊት ከባሕር ወለል የአየር ግፊት እንኳ ይበልጣል። የቦስተኑ ሕመምተኛ ለምን እንደጮኸ እዚህ ላይ ይገባናል፤ ጋዙ በሐርትፎርድና በቦስተን ቆላ እንኳ ለጥቂት ጊዜ የሚረዳ እንጂ ጥልቅ እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረም። ዌልስ በጓሳ ቢሞክረው ኖሮ ዲሴምበር 11 የታሪክ ቀን ባልሆነም ነበር።

የፈላ ውሃም እንዲሁ ነው። በጓሳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ88 እስከ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ጉጠቱን በድስት ቀቅዬዋለሁና ንጹሕ ነው የሚል ሰው፥ በቆላውም ያልበቃውን ነገር በደጋው በባሰ ሁኔታ ማድረጉ ነው። ጀርሙን ከነዘሩ ለመግደል በግፊት የታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ያስፈልጋል፤ የግፊቱም መለኪያ ለደጋው አየር መስተካከል አለበት። በአንጻሩ በ1943 በስዊድን ኪሚስት ኒልስ ሎፍግሬን የተሠራው ሊዶኬይን፥ ማለት ድድን የሚያደነዝዘው የመርፌ መድኃኒት፥ የአየር ግፊት አያገባውም፤ በጓሳም በምጽዋም ያው ነው። እንግዲህ ለደጋው ሰው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ይናገራል።

ጓሳን ያነሣነው ግን ስለ አየሩ ብቻ አይደለም። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የወረደ የሚባለው የጓሳ ሥርዓት፥ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ በተስማሙበት ጊዜ የሚከፍት፥ ማንም ለብቻው የእኔ የማይለው፥ ሁሉ የሚጠብቀው ሥርዓት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮው ሥርዓት ቢቀርም የአገሩ ሰው በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሣሩ፥ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ የኖሩት በዚሁ ነው። ዌልስ ለግኝቱ የተመኘው ይህን የመሰለ ዕጣ ነበር፤ የሁሉ እንዲሆን። የጐደለው ግን የጓሳ ሰዎች ያወቁት ሁለተኛው ነገር ነው። የጋራ የሆነ ነገር የጋራ ጠባቂና የጋራ ሕግ ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚሞክር፥ ብቻውን የሚያሸት ሰው ጠባቂ የለውም።

ከመካከላችን ሕክምና የሚማሩ አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ነገ በመሐል ሜዳ ወይም በሌላ የደጋ ከተማ ይመደባሉ። በዚያ ጉንጩ ያበጠ ባላገር ባናውን ተከናንቦ ከሩቅ በእግሩ ይመጣል። ችሎ ይነቀላል፥ ጠንካራ ነው ብሎ ያለ ማደንዘዣ ጉጠት ማንሣት በ1844 በሞት የተረታውን ዘመን መመለስ ነው። በሌላ በኩል የሌላ አገር መጠን ከመጽሐፍ ገልብጦ መስጠት፥ መሣሪያን በጉጉት ሳያመክኑ መጠቀም፥ ሕመምተኛን አደንዝዞ ጥሎ መውጣት፥ እነዚህም የዌልስን መጨረሻ አለመማር ነው። ስለዚህ ፊዚክስ የምንማር ግፊቱን እንለካ፤ ኪሚስትሪ የምንማር መድኃኒቱን እንመርምር፤ ሕክምና የምንማር ከሕመምተኛው አጠገብ እንቁም። ጓደኛችንም አንድ ቀን በፊታችን ቆሞ አዲስ ነገር ሲሞክር ቢከሽፍበት፥ ከማፏጨታችን በፊት ሁለተኛ ጊዜ እንዲሞክር እንጠይቀው።